ቦርሳ ውስጥ የሚያድር ታብሌት፦ የትምህርት ቤት የንግግር ቴራፒስት ሥራ ምን ይመስላል?

ረዳት መምህሩ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ስድስት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማርሁ በኋላ ነው ወደ አሜሪካ የመጣሁት። አሁን በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳት መምህር ሆኜ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ክፍያው በሰዓት ስለሆነ ማታ ማታ ምግብ አደርሳለሁ። ዕድሜዬ 38 ነው።

በክፍላችን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አለ፤ ቤተሰቡ የአገራችን ሰዎች ናቸው። በአፉ የሚናገራቸው ቃላት ከአምስት አይበልጡም። ትምህርት ቤቱ የሚናገር ታብሌት ሰጥቶታል፤ ሥዕሉን ሲነካ ታብሌቱ ቃሉን በእንግሊዝኛ ይናገርለታል። የንግግር ቴራፒስቷ ማክሰኞና ሐሙስ መጥታ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ አብራው ትቀመጣለች፤ ያን ጊዜ ልጁ ሌላ ሰው ይሆናል። እርሷ ስትወጣ ታብሌቱ ወደ ቦርሳ ይመለሳል። ባለፈው ዓርብ ሳወጣው ባትሪው 4 በመቶ ላይ ነበር። በዚያችው በቀረችው ኃይል «ተጨማሪ» የሚለውን ሥዕል አሥራ አንድ ጊዜ ተጫነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ምን እንደፈለገ ገና ሳይገባኝ «ድምፁን ቀንሰው፣ ክፍሉ እየተረበሸ ነው» ተባልሁ። ቀነስሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ይህን ሙያ ልማረው አስቤአለሁ፤ በሥራው ላይ ያላችሁ ውሎአችሁን ብትነግሩኝ። አጋዥ ቴክኖሎጂ የሚባለውስ፣ እንደዚህ ታብሌት ያለውን መሣሪያ ለልጆች ማዘጋጀቱ፣ ለብቻው ሙያ ነው ወይስ ተጨማሪ ሸክም? በዚህ ዕድሜዬና በዚህ የእንግሊዝኛ አነጋገሬ ማን የንግግር ቴራፒስት ብሎ ይቀበለኛል? በመጨረሻ ደግሞ የልጁ ሴት አያት ሊወስዱት ሲመጡ በር ላይ ይይዙኛል። «አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ ዕቃ ጭራሽ አፉን አይዘጋበትም ወይ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

የታብሌቷ ሴትዮ

ወንድሜ፣ ከባትሪው ልጀምር፤ ሥራው ያለው እዚያ ነውና።

በትምህርት ቤት የንግግርና የቋንቋ ቴራፒስት ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ የሳምንቱን ግማሽ የአጋዥ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነኝ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ በአንድ ትምህርት ቤት ልጆች አያለሁ፤ ሐሙስና ዓርብ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶችን በመኪና እዞራለሁ። በምዞርባቸው ቦታዎች ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «የታብሌቷ ሴትዮ መጣች» ነው የሚባለው። የመኪናዬ ሻንጣ መጫኛ ቢከፈት ቻርጀር፣ የሚጣበቅ ጨርቅ፣ ትልልቅ መጫኛ ቁልፎችና የታብሌት ማንገቻ ይገኝበታል። ከሁሉም ይልቅ ልጅ እንዲናገር የረዳኝ ዕቃ የቱ ነው ብትለኝ ግን ሦስት ሜትር የኤሌክትሪክ ማስረዘሚያ ገመድ እልሃለሁ። ታብሌቱ ሶኬት ባለበት ያድራል፤ ልጁ ሶኬት በሌለበት ይቀመጣል። በመካከላቸው ያለችውን ስድስት እርምጃ የሚራመድ ሰው ከሌለ የሺህ ዶላር ዕቃ መደርደሪያ ያሞቃል።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት ስቼዋለሁ። መሣሪያውን መርጬ፣ አስፈቅጄ፣ ገጾቹን አሳምሬ አስረክቤ ሄድሁ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ የመክፈቻ ቁጥሩን በክፍሉ ውስጥ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ተናደድሁ፤ መጀመሪያ በመምህሯ፣ ቆይቼ ግን በራሴ። ለመምህሯ ያስረከብኋት መሣሪያውን እንጂ አጠቃቀሙን አልነበረም።

«ድምፁን ቀንሰው» የሚለው ትእዛዝ በየትምህርት ቤቱ አለ። ሌላው ልጅ በአፉ ሲጮኽ «ቀስ በል» ይባላል እንጂ አፉ ላይ ፕላስተር አይለጠፍም። አሥራ አንድ ጊዜ መጫኑን እንደ ረብሻ አትቁጠረው። ሕፃን ልጅ «እማ፣ እማ፣ እማ» እያለ ቀሚስ ሲጎትት ስንት ጊዜ እንደጠራ የሚቆጥር የለም፤ እናት ዞር እስክትል ነው የሚጠራው። ያንተም ልጅ ዞር የሚልለት ሰው አጥቶ ነው። ሲጫን አንተም በራስህ ጣት ተጫን። «ተጨማሪ» ሲልህ አንተ «ተጨማሪ» እና «ምን» የሚሉትን ነክተህ ጠይቀው። ለልጅ ከመወለዱ ጀምሮ አማርኛ እናወራለታለን፤ መልስ የምናገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ለዚህ ልጅ ግን በሥዕል የሚያወራለት ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ይመጣል፤ ከዚያ «ለምን አይናገርም?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

ስብሰባውን ካነሣሁ፣ አይ ኢ ፒ የሚባለው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ላይ ታብሌቱን ማን ቻርጅ እንደሚያደርግ፣ ምሳ ቤትና አውቶቡስ ላይ ማን እንደሚይዘው ይጻፍ። ሲያወሩት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ግዴታ ይሆናል። የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ እንዲማር ያስገደደው የፌዴራል ሕግ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ነው። በ1990 ስሙ ሲቀየር አጋዥ ቴክኖሎጂ የሚለው ቃል ትርጓሜ ተሰጥቶት ገባበት፤ በ1997 ማሻሻያ ደግሞ ዕቅዱን የሚያወጣው ቡድን ለእያንዳንዱ ልጅ «አጋዥ ቴክኖሎጂ ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ እንዲያስብበት ግዴታ ሆነ። ብዙ ቦታ ይህ ግዴታ ቅጹ ላይ «አያስፈልግም» የምትል ሣጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ማለፍ ሆኗል። ቡድኑ ልጁ ለትምህርቱ መሣሪያውን ቤትም ይፈልገዋል ብሎ ከወሰነ፣ ትምህርት ቤቱ የገዛው ቢሆንም ወደ ቤት መሄድ አለበት። የአገራችን ወላጆች «ቢሰበር እንከፍላለን» ብለው ፈርተው «እዚያው ይቅር» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያን ስጋት ይዘው ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት በስብሰባው ላይ ይጠይቁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም መብታቸው ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱን አስተርጓሚ አድርገው ሲያስቀምጧት ካየህ ግን ተነሥተህ ተናገር።

ስለ ውሎዬ ስጠየቅ ሰዎች የሚጠብቁት መስታወት ፊት «ር፣ ር፣ ር» ስናሰኝ ነው። እሱም አለ። በእጄ 52 ልጆች አሉ፤ የሚንተባተብ አለ፣ ድምፅ የሚያሳስት አለ፣ ዓረፍተ ነገር የሚጎድልበት አለ፣ ጭራሽ የማይናገር አለ። የቀኔ ሢሶ ግን ወረቀት ነው፦ ግምገማ፣ የሂደት መግለጫ፣ ሜዲኬይድ ለሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚሞላ መዝገብ። ስለ ወረቀቱ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ያንተም ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ነው።

አንተ ልትጠቅም የምትችልበትን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ የአራት ዓመት ልጅ ግምገማ ላይ እንድቀመጥ ተጠራሁ (ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)። ቤተሰቡ ከመጣ ስምንት ወሩ ነበር። ገምጋሚዋ በአስተርጓሚ በኩል «ውሻ አለህ? ኳስ ትወዳለህ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ወረቀቱ ላይ «መልስ የለም፣ መልስ የለም» ትጽፋለች። ልጁን አየሁት። በእያንዳንዱ ጥያቄ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። «እህ» ይላል በእኛ አባባል፤ አዎ ማለቱ ነው! አያቶቻችን ቡና ላይ ወሬ ሲሰሙ እንደሚሉት። ገምጋሚዋ ልጁ አስም ያለበት መስሏት ወደ ነርሷ ልትልከው ነበር። ሰባት ጥያቄ መልሷል፤ የተቆጠረለት ዜሮ ነው። እዚያው ወረቀት ላይ «ዓይን ለዓይን አያይም» የሚል ነበር። ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ዓይንህን ሰበር አድርግ ተብሎ ያደገ ልጅ፣ የተማረውን ቢያደርግ ጉድለት ሆኖ ተጻፈበት።

በተቃራኒውም አለ። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥተው የሚናገሩት የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ ልጆቻችን «ዝ» ወይም «ስ» ቢሉት ችግር አይደለም፤ የእናታቸውን ምላስ ይዘው ነው። ነገር ግን «የእኛ ልጆች ዘግይተው ነው የሚናገሩት» ተብሎ የታለፈ ልጅም አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሞልቶት ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሚባሉትን ጭራሽ አያወጣም ነበር። እኔ ወላጅን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «በአማርኛ ሲያወራ የአክስቱ ልጆች ይሰሙታል?» እናቲቱ ዝም ብላ ቆይታ «ይስቁበታል» አለችኝ። እውነተኛው ምርመራ ያ ነበር። አንተ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ፣ «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ስታስተምር የኖርህ ሰው ነህ። ያንን ልዩነት በጆሮው የሚሰማ ገምጋሚ በዚህ ሙያ ውስጥ ጥቂት ነው።

አጋዥ ቴክኖሎጂ ለብቻው ሙያ ነው ወይ ላልኸው፣ ለብቻው ዲግሪ አያስፈልገውም፤ ሬስና የሚባል ማኅበር የሚሰጠው የባለሙያነት ፈተና አለ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ግዴታ አያደርጉትም። የሚፈልገው ትዕግሥትና አፍንጫን በሁሉም ነገር ማስገባት ነው። አንዲት በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ልጅ በዓይኗ እያየች የምታዝዘው መሣሪያ ነበራት። ጠዋት ግሩም ይሠራል፤ ከምሳ በኋላ እምቢ ይላል። «ደክሟት ነው» ተባለ፣ «አትፈልግም» ተባለ፣ ለኩባንያው ተደወለ። በሦስተኛው ሳምንት ከምሳ በኋላ ሄጄ እርሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ራሴ ቁጭ አልሁ። ፀሐይዋ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ፊቴ ላይ አረፈች። መሣሪያው ዓይንን የሚከታተለው በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው፤ ፀሐይ ያንን ብርሃን ታደናግረዋለች። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞርነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አትፈልግም» ሲባል፣ ችግሩ የነበረው ከልጅቷ ሳይሆን ከመስኮቱ ነው። ዘመዶቼ ሥራዬን ሲጠይቁኝ አሁን «ወንበር አዞራለሁ» እላቸዋለሁ።

ስለ ትምህርቱ ባጭሩ፦ የመጀመሪያ ዲግሪህ ሌላ ስለሆነ በቅድሚያ የመሠረት ኮርሶች ትወስዳለህ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ ማስተርስ አለ። በትምህርቱ ውስጥ 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይጠበቅብሃል፤ 25ቱ ማየት፣ 375ቱ መሥራት። ፕራክሲስ የተባለውን ፈተና 162 አምጥተህ ታልፋለህ። ከዚያ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በአንድ ባለሙያ ክትትል ሥር ትሠራለህ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲና የኮሎምቢያ ዲስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም ዋሽንግተን ውስጥ ትምህርቱን ይሰጣሉ፤ ለአንተ ቅርብ ናቸው። እኔ ስመረቅ 41 ዓመቴ ነበር፤ ትምህርቱን የጀመርሁት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ፣ ዳሱ ውስጥ እያነበብሁ ነው። ስለ አነጋገርህ አትጨነቅ። ልጁ እንዲሰማ የሚፈለገውን ድምፅ አጥርተህ ማሳየት ከቻልህ የጎጃም ቅላፄህ ማንንም አይጎዳም። እኔ ራሴ ጎንደሬነቴ በእንግሊዝኛዬ ውስጥ አለ።

ለአያቲቱ ጥናት አትቁጠርላቸው። አንተ ግን እወቀው፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የታተመ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ በደንብ የተመዘገቡ 27 ሰዎችን አይቶ፣ የመግባቢያ መሣሪያ በመጠቀሙ ንግግሩ የቀነሰ አንድም አላገኘም፤ አብዛኞቹ እንዲያውም ጥቂት ጨምረዋል። ለእርሳቸው እንዲህ በላቸው፦ «እማማ፣ ልጅ በዘጠኝ ወሩ በጣቱ ሲጠቁም ‘በቃ ይህ ልጅ አፉ ተዘጋ’ ብለው ያውቃሉ?» በኋላ ይንገሩህ የሚሉትን።

የሁለት ልጆች እናት (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ የጻፉትን እያነበብሁ አለቀስሁ፤ ተናደድሁም። የእኔ ልጅ ሦስት ዓመቱ ላይ ኦቲዝም እንዳለበት ሲነገረን አንድ ባለሙያ «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩ» አለችን። እኔ ያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ የገበያ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከገዛ ልጄ ጋር «ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ አይሆንም» ብቻ ተነጋገርን። እንቆቅልሽ የለ፣ ተረት የለ፣ እናቴ ስትስመው የምትለው ቃል የለ። እናቴ ልጁ ሲገባ ዝም ማለት ለመደች፤ ስሕተት እንዳትናገር ፈርታ።

በኋላ ሌላዋ ባለሙያ ምክሩ ስሕተት መሆኑን ነገረችን። ታብሌት ተሰጠው። ታብሌቱም እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። ልጄ «ውሃ» ለማለት ሲነካው እናቴ ምን እንዳለ ስለማታውቅ ወደ እኔ ትጣራለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። እንግዲህ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። የመምህሩን ጥያቄ ሳነብ ያ ቦርሳ የእኔም ቤት መሆኑን አየሁ። አማርኛ ይገባበታል ወይ? ትምህርት ቤት ጠይቄ «መተግበሪያው አማርኛ የለውም» ነው ያሉኝ።

የታብሌቷ ሴትዮ

እታለም፣ ያ ምክር የስንቱን ቤት ዝም እንዳሰኘ። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅም አያዘገይም፤ ልጅሽን የጎዳው የቋንቋ ማነስ እንጂ የቋንቋ መብዛት አልነበረም።

«አማርኛ የለውም» ያሉሽ በከፊል እውነት ነው። ማይክሮሶፍት መቅደስና አመሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ የኮምፒውተር ድምፆች ሠርቷል፤ እኔ ልጆቼ ጋር በምጠቀምባቸው መተግበሪያዎች ውስጥ ግን አላገኘኋቸውም። ቢገኙም የትልቅ ሰው ድምፅ ናቸው። ነገር ግን እንደ ፕሮሎኮ ቱ ጎ ያሉት መተግበሪያዎችም ሆኑ ጎ ቶክ የሚባለው ቀላል መሣሪያ የራስሽን ድምፅ ቀድተሽ እንድታስገቢ ይፈቅዳሉ። የቴራፒስቷን ፈቃድና እገዛ ጠይቂ፤ አንድ የአማርኛ ገጽ ትክፈትልሽ።

ከስሕተቴ ተማሪ። መጀመሪያ የሠራሁት ገጽ የእንግሊዝኛው ትርጉም ነበር፦ «እኔ» አንድ ሥዕል፣ «መፈለግ» አንድ ሥዕል፣ «ውሃ» አንድ ሥዕል። ልጁ በቅደም ተከተል ሲነካው «እኔ መፈለግ ውሃ» አለ። አያቱ ሳቁ፤ እንደ ፈረንጅ ነው የሚያወራው አሉ። የእኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻ ላይም ነው የሚቆመው። እንግዲህ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም» ሙሉ ሙሉ ቃል ሆነው በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ «ውሃ»፣ «እንጀራ»፣ «ወደ ውጭ» በግራ።

ቀጥሎ ደግሞ «ስጠኝ» ብዬ ቀዳሁ። ልጁ ወደ አያቱ ዞሮ «ውሃ ስጠኝ» አላቸው። «ደግሞ ወንድ አደረግኸኝ!» አሉ። «ስጪኝ» ብዬ ብቀይረው አባቱን ሴት ያደርጋል። ሁለቱንም ባስገባ ገጹ ይጨናነቃል። ሦስት ቀን አሰብሁበትና «ስጡኝ» አልሁት። ለአያትም፣ ለአባትም፣ ለቄሱም ይሆናል፤ ከሁሉም የጨዋ ልጅ ያሰኛል። «እሺ»፣ «እምቢ»፣ «በቃ»፣ «ደግሞ»፣ «የት» የወንድና የሴት ጣጣ ስለሌለባቸው ከእነሱ ጀምሪ። «እምቢ»ን አትርሺ! ወላጆች እምቢ የሚለውን ቁልፍ ማስገባት አይወዱም። እምቢ ማለት የማይችል ልጅ ግን ይነክሳል።

ድምፁን ማን ይቅዳ? አንቺ አይደለሽም። የሰባት ዓመት ልጅ በእናቱ ድምፅ «ሽንቴ መጣ» ሲል ያፍራል። ዕድሜው የሚቀራረብ የዘመድ ልጅ ፈልጊ። ቀረጻውን ልብስ በተሞላ ቁም ሣጥን ፊት አድርጊው፤ ልብሱ የቤቱን ማስተጋባት ይውጠዋል። ታብሌቱ ያለው እዚያው አይደል፤ በዚያው አውርጂው።

የልዩ ፍላጎት መምህር (አዲስ አበባ)

እህቶቼና ወንድሜ፣ ከዚህ ሆኜ ሳነብ ስለ ቻርጀር የምትጨቃጨቁት ነገር አስቀናኝ። በእኔ ክፍል አሥራ አራት ልጆች አሉ፤ የንግግር ቴራፒስት የለም። ቴራፒስቱም፣ የቴክኖሎጂ ባለሙያውም፣ ሲመጣ ደግሞ ጽዳቱም እኔ ነኝ።

የምጠቀመው ወረቀት ነው። የስፔኑ የአራጎን ክልል መንግሥት አራሳክ በሚል ስም በነጻ ያወጣቸው በሺህ የሚቆጠሩ የመግባቢያ ሥዕሎች አሉ፤ ለንግድ እስካላዋሉት ድረስ መጠቀም ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ቤት አስትሜ በፕላስቲክ አስለብጣቸዋለሁ። አንዳንዱ ሥዕል ለእኛ አይሆንም፤ የምግቡ ሥዕል ሳንድዊች ነው፣ የመጸዳጃው መቀመጫ ያለው ነው። ልጆቹ የማያውቁትን ሥዕል አይነኩም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን የመጸዳጃ ቤት በር፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን፣ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለጠፍሁ። በዚያው ሳምንት ሦስት ልጆች በሩን ጠቁመው ሄዱ። ቀደም ሲል ሱሪ ነበር የምንቀይረው። ሰሌዳዬ ደግሞ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ቤት መደበቅ የተለመደ ነበር። እርሳቸው የገዛ ልጃቸውን ይዘው በቴሌቪዥን ቀርበው ሲናገሩ እኔ ተማሪ ነበርሁ፤ ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ያ ነው። ዛሬ በሕይወት የሉም። ታብሌቷ እህቴ፣ «ስጡኝ» ያሉትን ነገር ነገ እወስደዋለሁ፤ እኔ «ስጠኝ» ጽፌ ነበር፣ ሴቶቹ ረዳቶቼ ሁሌ ይቀልዱብኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ሲለምዱ አዳዲስ ሥዕል ስጨምር ቦታ እያጠበበኝ አሮጌዎቹን አዘዋውራለሁ። ይህ ያውካቸዋል?

የታብሌቷ ሴትዮ

በጣም ያውካቸዋል፣ መምህር። እርስዎ ሳያዩ በስልክዎ ላይ የሚጽፉት ፊደላቱ ቦታቸውን ስለማይለቁ ነው፤ ማታ አንድ ሰው ቢያዘዋውርብዎት ጠዋት ይቆጣሉ። የልጁም እጅ እንዲሁ ቦታን ይለምዳል። ከመጀመሪያው ትልቅ ሰሌዳ ይሥሩ፣ ለወደፊቱ የሚሆነውን ባዶ ሣጥን ይተዉ፣ «በቃ» አንዴ የተቀመጠበት ለዘላለም ይቀመጥ። የሰማያዊው በር ነገር እኔን አሳፍሮኛል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ የዘጠኙንም ትምህርት ቤቶች በር ፎቶ አነሣለሁ።

ረዳት መምህሩ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ማስረዘሚያ ገመድ ከቤቴ አመጣሁ። መምህሯን አነጋገርኋት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ አሥር ልጅ ይዛ ነው። ድምፁን ወደ መካከለኛ መልሰነዋል፣ በሣጥኑ ላይም «እስከ ሰኞ ቻርጅ የሚያደርገው» ብለን የእኔን ስም ጽፈናል።

ለአያቱ የጣቱን ነገር ነገርኋቸው። ቆም ብለው «እሱስ በጣቱም ጠቁሞ አያውቅም ነበር» አሉኝ። ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። ከዚያ ግን ወደ ታብሌቱ እያዩ «ይህን መንካቱ እንግዲህ መጠቆም ነዋ» አሉ። እኔ አልጨመርሁበትም።

አሥራ አንዱ «ተጨማሪ» ምን እንደነበር ደግሞ ትናንት ዓርብ ገባኝ። መስኮቱ አጠገብ ነበርን። የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ከግቢው ጀርባ ያለውን ትልቁን የብረት ማጠራቀሚያ ከፍ አድርጎ ገለበጠው፤ ልጁ በሁለት እጁ አጨበጨበ። መኪናው ሲሄድ ታብሌቱን አንሥቶ «ተጨማሪ» አለ። መኪና የሚል ሥዕል አለው፤ ግን የቤት መኪና ነው፣ እሱን አንዴም ነክቶት አያውቅም። የቆሻሻ መኪናውን ፎቶ አንሥቻለሁ። የት ላስገባው?

የታብሌቷ ሴትዮ

ለቴራፒስቷ ዛሬውኑ ጻፍላት፤ ገጹን የምትቀይረው እርሷ ናት፣ አንተ ግን ፎቶውን ላክላት። ባዶ ሣጥን ላይ ታስገባው፣ ምንም እንዳታዘዋውር። በሁለቱም ቋንቋ ይቀዳ፤ አማርኛውን የሚቀዳ ልጅ ከቤተሰቡ ይፈለግ። ከዚያ ደግሞ መኪናው ከመምጣቱ አምስት ደቂቃ በፊት መስኮቱ ላይ አድርሰው፣ ዝም በል፣ ጠብቅ። መጀመሪያ እርሱ ይናገር። ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

ረዳት መምህሩ (ሜሪላንድ)

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ።